የአያቴን የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ

አያቴ ያረፈው በ2015 ዓ.ም. መጋቢት፣ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ቤቱ ነው። ሌሊት ነበር። ሳይነጋ የቅሬው፣ የዕድሩ ማለት ነው፣ ሰዎች ደረሱ። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ለአዲስ አበባ ዘመድ ተደወለ። በዚህ ሁሉ መሃል አጎቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

«የሕይወት ታሪኩን አንቺ ጻፊው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል ወጣው። የተወለደበትን ዓመት ከመታወቂያው ገለበጥኩ። ማዕረጉን ሰፈሩ ከሚጠራበት ወሰድኩ። የአየር ኃይል ዘመኑን፣ ያለኝን ማስታወሻ እንኳ ሳላይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰማሁት ቁርጥራጭ ወሬ ገጣጠምኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተነበበ። ሰው አለቀሰ። እኔም ደህና የጻፍኩ መሰለኝ።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ከኮምቦልቻ የመጡ ሐጂ ናቸው፤ የአያቴ የአየር ኃይል ባልደረባ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ።

«ጽሑፉን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ ሐጂ።»

«ጎበዝ። ሦስት ቦታ ተሳስተሻል።»

አንደኛው ማዕረጉ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ሃምሳ አለቃ» ሲለው ስለኖረ እንደዚያ ጻፍኩ። ለካ ከሠራዊቱ የወጣው ሻምበል ባሻ ሆኖ ነው። ድሮ የወጣለት መጠሪያ ሳይቀየር ቀርቶ ነው እንጂ። ሁለተኛው የልደት ዘመኑ ነው፤ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ። ሦስተኛው ግን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። «በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ሚግ አውሮፕላኖችን በመጠገን አገሩን አገልግሏል» ብዬ ነበር።

«ልጄ፣» አሉ ሐጂ፣ «ያኔ እኮ ሚጉ የሶማሊያ ነው! እኛ የነበረን የአሜሪካው ኤፍ-5 ነው። ሚግ ወደ እኛ የመጣው ጦርነቱ ሊገባደድ ሲል ነው። አያትሽ ይህን ቢሰማ ከሳጥኑ ተነስቶ ያርምሽ ነበር።»

ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ሐጂ «አብሽሪ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ይህን የምጽፈው አያት፣ አባት ወይም አጎት በሕይወት ላላችሁ ነው። በተለይ ወታደር ለነበሩ፣ ወይም በእጃቸው ሥራ ለኖሩ ሰዎች ቤተሰብ። እኔ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ገጽ ተኩል በትክክል መጻፍ አልቻልኩም።

አያቴ ዝምተኛ ነበር ማለት ግን አይደለም። ቤቱ ራሱ ይናገር ነበር፤ እኛ ነን ያልሰማነው።

ለምሳሌ ሽቦው። የግቢው በር ማጠፊያ፣ የአልጋው እግር፣ የክዳን እጀታ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሳይቀር፣ ብሎን ያለበት ነገር ሁሉ በቀጭን ሽቦ ተጠምዝዞ ታስሮ ነበር። የሽማግሌ አመል ነው ብለን እንስቅበት ነበር። በኋላ ስጠይቀው ነገሩ ሌላ ሆነ። አውሮፕላን ሲንቀጠቀጥ ብሎን ይላላል፤ አየር ላይ ደግሞ ማጥበቂያ የለም። ስለዚህ ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው፤ ሽቦ ይገባባቸውና ሁለት ሁለት ሆነው ይታሰራሉ። ሴፍቲ ዋየር ይሉታል። ዋናው ቁም ነገር አቅጣጫው ነው። ብሎኑ ልላላ ሲል ሽቦው ወደ ማጥበቂያው በኩል መሳብ አለበት። ገልብጠህ ካሰርከው ለጌጥ ነው የሚቀረው። ይህን ሲያስረዳኝ የግቢያችንን በር እያሳየኝ ነበር። በሩ በትክክለኛው አቅጣጫ ነበር የታሰረው።

ግድግዳውም እንደዚያው። የመሣሪያዎቹ ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተስሎ ነበር፤ ቁልፍ ከቁልፍ ቦታ፣ ካቻቢቴ ከካቻቢቴ ቦታ፣ ፒንሳ ከፒንሳ። ማታ ማታ ይቆጥራል። ባዶ ቅርጽ ከታየ እንቅልፍ የለም። ሃንጋር ውስጥ አንድ መሣሪያ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ አይንቀሳቀስም። የተረሳ ካቻቢቴ መሪ ላይ ሊሰነቀር፣ ሞተር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከ1983 በኋላ ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ደሴ ተመልሶ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ሆነ። ኩታበር፣ ሐይቅ፣ ቢስቲማ፣ መርሳ ድረስ ይሄድ ነበር። አንድ ጊዜ ኩታበር አንድ ሊስተር ሞተር አስነስቶ ማታ ቤቱ ገባ። ሲቆጥር አንዲት ትንሽ ቁልፍ ጎደለች። በነጋታው በመጀመሪያው መኪና ተመልሶ ሄደ። ባለወፍጮው «ሃምሳ አለቃ፣ ለአንዲት ቁልፍ ብለህ?» ቢለው «ለቁልፏ አይደለም፣ ለቺንጋው ነው» አለው። ቁልፏ ከቺንጋው ሥር ተገኘች።

ሌላው ቀይ ጨርቅ ነው። የቆመ አውሮፕላን አፍንጫና ቀዳዳ ሁሉ ይሸፈናል፤ ሽፋኑና መቆለፊያ ፒኑ ላይ ረጅም ቀይ ጥብጣብ ይንጠለጠላል። ከመነሳቱ በፊት ይነቀላል። እኛ ቤት ቀዩ ጨርቅ የጋዝ ሲሊንደሩ ላይ ነበር። ጨርቁ ከተንጠለጠለ ጋዙ ተዘግቷል ማለት ነው። እማማ ለሃያ ዓመት ስታጉረመርም ኖረች። አሁን እሷም ያለ ጨርቅ አትተኛም።

ይህን ሁሉ እያየሁ ታሪኩን ልጠይቀው ሞክሬ ነበር። ሦስት ጊዜ። አጠያየቄ ግን ከንቱ ነበር። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ «አባባ፣ የሕይወት ታሪክህን ንገረኝ» አልኩት። ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠና «ምን ታሪክ አለኝ? ሠራሁ፣ ተመለስኩ» አለ። በቃ። ቀረጻው አሁንም አለኝ። አርባ ሰከንድ ነው።

ቃሉ የተፈታው በአጋጣሚ ነው። አንድ እሑድ መሣሪያዎቹን በናፍጣ ሲያጥብ እያቀበልኩት ነበር። ሁለት ሳጥን ነበሩት፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ። ዝም ብዬ «ለምንድን ነው ሁለት የሆኑት?» አልኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራ።

አረንጓዴው የኢንች ነው፤ ግራጫው የሚሊሜትር። (ሁለቱንም ከመርካቶ በገንዘቡ የገዛቸው ናቸው። «የመንግሥት ዕቃ እንዳይመስልሽ» ብሎ ሁለቴ አስጠነቀቀኝ።) በ1957 ደብረ ዘይት ሲገባ አስተማሪዎቹ አሜሪካኖችና በስዊድኖች የሠለጠኑ የኛ ሰዎች ነበሩ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ብሎኑ በኢንች፣ ከፍታው በጫማ ነው። ኤፍ-5 ሲመጣ እሱ ላይ ተመደበ። ከዚያ 1969 መጣ። ከአሜሪካ ጋር ተጣላን፤ መለዋወጫ ቀረ። ልክ በዚያው ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ከአንዱ አውሮፕላን ፈትተህ ለሌላው ማልበስ ሆነ ሥራው። ቀጥሎ ሶቪየቶች መጡ። መጽሐፉ በሩሲያኛ፣ ብሎኑ በሚሊሜትር፣ ከፍታው በሜትር። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ተማሪ ከሀ ጀመረ።

«መንግሥት ተለወጠ ሲሉ ለእናንተ ባንዲራና መዝሙር ነው» አለኝ። «ለኛ ቁልፍ ነው።»

ከዚያ አንድ ብሎን አንስቶ አሳየኝ። ግማሽ ኢንች ነው፤ 12.7 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። 13 ቁልፍ ይገባለታል። ግን ሰፋ ይላል፤ ኃይል ስትጨምሪበት ይሾልክና የብሎኑን ጠርዝ ይበላዋል። «የሚቀርብ ቁልፍ ከማይገባ ቁልፍ ይብሳል» አለ። «የማይገባው ቢያንስ አይዋሽሽም።»

ያን ቀን ስልኬ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ነበር። ማታ የማስታውሰውን በደብተር ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ብልሃቱን አወቅሁት። ስለ ሕይወቱ መጠየቅ ትቼ ስለ ዕቃ መጠየቅ ጀመርኩ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። ስልኩንም ፊቱ አላቆምም፤ አሳይቼው፣ ፈቅዶልኝ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሁለታችንም እንረሳዋለን። ቀረጻዎቹ ውስጥ የናፍጣ ጣሳ ሲንኳኳ፣ እማማ ቡና ስትወቅጥ ይሰማል። ጸጥ ያለ ቦታ ይሻል ነበር የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ኮምቦልቻ ወሰድኩት፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ። አዲስ አበባ የሚመላለሰው ኪው 400 አውሮፕላን ሲያኮበኩብ አጥሩን ይዞ ቆመ። «ደሴ ለምን እንደማያርፍ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሜዳ ስለሌላት መሰለኝ። «እሱም አለ። ግን ከፍታም አለ። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ይደክመዋል፤ ክንፉም እንዲሁ፤ ማኮብኮቢያው መርዘም አለበት።» ስንመለስ የሐረጎን ዳገት እየወጣን ስለ ጦርነቱ ጊዜ ድሬዳዋ ነገረኝ። በቤታችን አንድም ቀን ያላነሳው ነገር ነው።

ድሬዳዋ ቀን ቀን ብረቱ እጅ ይልጣል። ስለዚህ ከባዱን ሥራ ሌሊት በባትሪ ይሠሩታል። ሊነጋጋ ሲል ሁሉም በሰልፍ ተደርድረው ማኮብኮቢያውን በእግር ያስሱታል፣ ጠጠር ለመልቀም። የጄት ሞተር ከፊቱ ያገኘውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ አንዲት ጠጠር ምላጮቹን ትጨርሳቸዋለች። «ሻምበሉም፣ ተራው ወታደሩም፣ ሁላችንም እንደ ዶሮ መሬት እያየን።» ከዚያ አውሮፕላኖቹ ይነሳሉ። የወጡትን ይቆጥራል። ሲመለሱም ይቆጥራል። እሱ ያዘጋጀው አውሮፕላን ጎማ መሬት ነክቶ የማቆሚያ ፓራሹቱ ከኋላ እስኪዘረጋ ድረስ ውኃ አይጠጣም ነበር።

የአብራሪዎቹን ስም አገር ያውቀዋል። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በኤፍ-5 ሚጎችን ጥለው፣ ኋላም ተማርከው 11 ዓመት ሶማሊያ መታሰራቸውን ያልሰማ ጥቂት ነው። አያቴም ስማቸውን ሲያነሳ ቀና ብሎ ነበር። የመካኒኮቹን ስም የሚያውቀው ግን ባልደረባቸው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሐጂ ያን ማታ ባይመጡ ኖሮ ግማሹ ታሪክ አብሮ ይቀበር የነበረው።

በሠልስቱ ተመልሰው መጡ። አያቴ ያልነገረኝን ነገሩኝ። አንድ ቀን እሱ የፈረመለት አውሮፕላን ወጥቶ አልተመለሰም። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት መካኒኩ ፎርሙ ላይ ይፈርማል፤ አብራሪው ፊርማውን አይቶ ይረከባል። ያን ቀን ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ ከመሬት የተተኮሰ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። ቢሆንም ለሦስት ቀን ፎርሙን ይዞ እየደጋገመ ሲያነብ ነበር፣ አሉኝ። የዘለለው ነገር ይኖር እንደሆነ።

እኔ ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የትምህርት ቤት ካርዴ ነው። ልጆች ሁሉ ካርዳቸውን አባታቸው ቆሞ ይፈርምላቸዋል። አያቴ ግን መነጽሩን አድርጎ፣ እያንዳንዱን ውጤት በጣቱ እየተከተለ፣ ድምሩን ደግሞ ደምሮ ነበር የሚፈርመው። አንድ ጊዜ አማካዩ ተሳስቶ አገኘውና አልፈርምም አለ። መምህሩ አስተካከለው። እንዴት እንደተናደድኩ!

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ሰውየውን ብቻ አትጠይቁ። በሕይወት ያሉ ባልደረቦቹን ፈልጉ፣ አሁኑኑ። ለቅሶ ላይ ጥግ ይዘው የሚቀመጡትን፣ ማንም የማያውቃቸውን ሽማግሌዎች ስልካቸውን ተቀበሉ። ቅሬው ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም አለ፤ የቅሬው ጸሐፊ ማን ከየት እንደመጣ ከማንም በላይ ያውቃል። እኔ ሌሎች ሁለት ባልደረቦቹን ያገኘሁት በሱ በኩል ነው።

አሁን ወደ ልደት ዘመኑ። መታወቂያው 1935 ይላል። ሐጂ «ዕድሜ ጨምሮ ነው የተቀጠረው፤ ያኔ ብዙዎቻችን ጨምረናል» አሉ። ታዲያ ትክክለኛው መቼ ነው? ታላቅ እህቱን ጠየቅኋት። እሷ የዓመት ቁጥር አታውቅም። እናታቸው ግን «ጠላት በወጣ ባራተኛው ዓመት» ትል እንደነበር አስታወሰች። ጠላት የወጣው በ1933 ነው፤ 1937 ይመጣል። በነገራችን ላይ ሽማግሌን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። ከክፉ ቀን፣ ከጦርነት፣ ከሠርግ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን እናንተ ታወጡታላችሁ።

እግረ መንገዷን እህቱ ስለ እናታቸው ነገረችኝ። ቅድመ አያቴ በኅዳር 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ልጃገረድ ነበረች። ጃንሆይም ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመታ። ልጇ አየር ኃይል ሊገባ ነው ሲሏት «ያንን ነገር ሊጠግን?» ብላ ሦስት ወር አላናገረችውም። በ1977ቱ ድርቅ ደግሞ ትላልቅ የጭነት አውሮፕላኖች ማረፊያ በሌለው ደጋ ዝቅ ብለው እህል ሲጥሉ ወሬው ደረሳት። ልጇን አስጠርታ «ያው ነገር ነው?» አለችው። «ያው ነው እማዬ» አላት። ብዙ አሰበችና «እንግዲያው በደንብ ጠግነው» አለችው። ይህን አያቴ ለምን እንዳልነገረኝ አላውቅም። አልጠየቅሁትማ።

ፎቶዎቹን በተመለከተ የምናገረው የቁጭት ነው። በጥቅምት 2014 ደሴን ለቀን ስንወጣ ለመሰናዳት አንድ ሰዓት አልነበረንም። አያቴን፣ መድኃኒቱንና ልብስ ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ሄድን። ፎቶዎቹ ሣጥን ውስጥ ቀሩ። እሱ ግን ጋቢው ሥር የደበቀው ነገር ነበር፤ ደብተሩን። ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ዕቃው ተበታትኗል። ከፎቶዎቹ የተረፉት አራት ናቸው። በአንዱ ላይ ስድስት ወጣቶች አፍንጫው ሹል የሆነ አውሮፕላን ሥር ቆመዋል። ከስድስቱ የማውቀው አያቴን ብቻ ነው። ጀርባው ባዶ ነው። ሐጂ ሌላ ሁለት ስም ነገሩኝ፤ ሦስቱ እስካሁን አልታወቁም። ዛሬ ማታ ፎቶዎቻችሁን አውጡና ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ስም ጻፉ። ፊትና ጀርባውን በስልክ አንስታችሁ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ። የአገልግሎት ወረቀቱንም እንዲሁ። እኔ ቅጂውን ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ፋይሉ አልተገኘም።

ደብተሩ ምን ነበር? የቤቱ ፎርም ነው። አራት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ጉድለት፣ የተወሰደ እርምጃ፣ ፊርማ። ሬዲዮው፣ ቧንቧው፣ የጎረቤት ብስክሌት፣ ሁሉም ገብተዋል። መጨረሻ አካባቢ የራሱን አካል መመዝገብ ጀምሮ ነበር። «ቀኝ ጉልበት፦ ይንቋቋል። እርምጃ፦ ቅቤ ተቀባ። ለውጥ የለም።» ፈርሞበታል።

ሁለተኛውን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ አሥራ አንድ ወር ፈጀብኝ። ስምንት ገጽ ሆነ። ለሙት ዓመቱ ከመባዛቱ በፊት ኮምቦልቻ ወርጄ ለሐጂ ሰጠኋቸው። ቡና ተፈልቶ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሁለተኛው ስኒ ቀዘቀዘ። ገጽ አምስት ላይ ቆመው እስክሪብቶ ጠየቁኝና የአንድ ባልደረባቸውን ስም አስተካከሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሲጨርሱ የመጨረሻውን ገጽ ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ከግርጌው ፈረሙ፤ ቀንና ሰዓቱን ጻፉበት።